ከደቡብ የተነሡት አሥራ ሁለት ሺህ

ሱደርሳንድ ደሴት፣ የአሸዋው ዳር ጎጆ
ኦክቶበር 3 ቀን 1978

…እናትሽ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች፤ እኔ ዱካዋን እየረገጥሁ ከኋላ። ባሕሩ ሸሽቷል። ድንገት ቆመችና ክንዷን ወደ ኋላ ዘርግታ ደረቴ ላይ ገታችኝ። «ዝም በል፤ እየመጡ ነው» አለች። ከዚያስ? ዛሬ ጠዋት ያንኑ መንገድ ስሄድ ቀሪውን ላስታውስ ብዬ ታገልሁ። ወፎቹ መጡ? ወይስ ዝናብ ነበር የሰማችው? ክንዷ ደረቴ ላይ እንዳለ ነገሩ ተቋረጠ።

ይቅር በይኝ፤ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርሁ። ለእህቴ ለማሬት ልጅ ለካይከ፦ ከእግርሽ በታች ደረቅ መሬት አይጥፋ፤ ጣራሽን ነፋስ አይድፈረው። ለባልሽ ለሪክሌፍም የመርከቡ ሞተር ይታዘዘው፤ በሄደበት ሁሉ መመለሻውን አያሳጣው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል አንድ ቀን ቀድሞ ይነግረኛል።

የሰሜኖቹ ወፎች ካለፈው ወር ጀምሮ እያለፉ ነው። በየቀኑ፣ ባሕሩ ሊሞላ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ከጎጆዬ እወጣለሁ። ወደ ባሕሩ እስከ ተዘረጋው የአሸዋ ምላስ ጫፍ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ውኃው ጭቃ ሜዳውን እየዋጠ ሲመጣ ወፎቹ ትል ከሚለቅሙበት እየተገፉ እዚያች ምላስ ላይ ይታጨቃሉ። ሌላ መቆሚያ የላቸውም። የሚቆጠሩትም የዚያን ጊዜ ነው። ትናንት ቀይ ደረት የምንላቸው ነበሩ፤ ቀያቸው ለቅቆ አመድ መስለዋል። ዛሬ ስደርስ ኩስና ላባ ብቻ ቀርቷል። ከሄዱ በኋላ አሸዋው ለትንሽ ጊዜ የሞቀ ይመስለኛል። እጄን አድርጌበት አውቃለሁ። አይሞቅም።

ፖስታ የምታመላልሰው ጎንትየ ዛሬ ሻይ ስትጠጣ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወፍ ቆጠርህ። አንዲት ሚስት ብትቆጥር ኖሮ ይህን ሳህን ሌላ ሰው ያጥብልህ ነበር» አለችኝ።

«ሚስት ከሄደች ሄደች ነው፤ ወፍ ይመለሳል» አልኋት።

«የተመለሰው ያው ወፍ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለችና ብስክሌቷን እየገፋች ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ዋልሁ።

አሁን ልለምንሽ። አንቺ ያለሽበት፣ በሞቃቱ ደቡብ ያለው የኑዋዲቡ ባሕር ዳር ቀይ ደረቶቼ የሚከርሙበት ነው። ልጅ ሳለሽ እንዳሳየሁሽ ክንድሽን ወደ ፊት ዘርጊ። አውራ ጣትሽ የሚሸፍናቸውን አንድ ጊዜ ብቻ አንድ በአንድ ቁጠሪ፤ ከዚያ ስንት አውራ ጣት እንደሚሆኑ ለኪ። ለሥራ አይደለም፤ ለእኔ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ የት እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኛል።

አጎትሽ ኦከ


ኑዋዲቡ
ኖቬምበር 12 ቀን 1978

ለተከበሩ አጎቴ ለኦከ፣

ምድጃዎ ሳይጠፋ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ይህ ደብዳቤ ይድረስዎ። ጉልበትዎን እግዜር ያበርታልዎ፤ ትንቢቱንም ይቀንስልዎ።

ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ከዓሣ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ርቆ፣ ባሕሩ ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ አለ። ጭቃው የእኛን ጭቃ ይመስላል፤ ሽታው ብቻ ይለያል። አንድ እጃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ትናንሽ ሸርጣኖች በሺህ ወጥተው እጃቸውን ያነሣሉ፤ ስቀርብ ሁሉም አንድ ላይ ይገባሉ። ሁልጊዜ ሰው እንደ ደረሰባቸው ዓይነት ናቸው። ወፎችዎ አሉ። አውራ ጣቴ ዘጠና አምስት ያህል ይሸፍናል፤ መቶ ብዬ ያዝኩት። ሃያ ሦስት አውራ ጣት። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።

መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው፣ እሳቸውም እኔም በደንብ በማናውቀው ፈረንሳይኛ፣ «ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

«እቆጥራለሁ።»

«የማን ናቸው?»

«የአጎቴ።»

ዞረው ለጓደኞቻቸው ነገሯቸው፤ ሁሉም ሳቁ። «በጎቹን እየጠበቅንለት ነው በይው። ወተት ግን እምቢ ብለውናል» አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩልዎ።

ሪክሌፍ ደህና ነው፤ ሰላም ይልዎታል። ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል። ባለፈው እሁድ አብሮኝ ሊመጣ ጫማውን አሰረ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። «አንቺ ሂጂ» አለኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ጫማውን እንዳሰረ እዚያው ቆሟል። ይህንን ለምን እንደ ጻፍኩልዎ አላውቅም።

አክባሪዎ ካይከ


ሱደርሳንድ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1979

ለካይከ ልጄ፣

ከበረዶው ወዲያ ላለሽው፣ ሙቀትሽ ይብዛ፤ ከዚያም ላይ ተርፎ ለኛ ይድረሰን። ሪክሌፍንም በያለበት ሰላም ያውለው።

ደብዳቤሽን ጎንትየ አምጥታልኝ ሁለት ጊዜ ሰማ— ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሽማግሌውን በይልኝ፦ ወተቱን እኔም አላየሁትም።

ከአዲሱ ዓመት ወዲህ ጀልባ መጥቶ የሄደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በረዶው ጭቃ ሜዳውን ቆልፎታል። መሄድ ያልቻሉት ትላልቆቹ የባሕር ዳክዬዎች ይሞታሉ። ዛሬ ከጎጆዬ እስከ ጫፉ ሠላሳ ስድስት። የሞተን ስቆጥር የክንፉን ጫፍ በቢላዋ እቆርጣለሁ፤ ነገ ያንኑ ደግሜ እንዳልቆጥር። ቢላዋውን ስከፍት እጄ አይታዘዘኝም። ብርዱ ነው።

ነጭ ድንጋይ ላይ ልቀመጥ ስል ድንጋዩ ተነፈሰ። የባሕር ውሻ ግልገል ነበረች፣ ገና ነጭ ፀጉሯ ያልረገፈ። እናቲቱ አሸዋው ላይ ሦስት ሳምንት ታጠባና ወደ ባሕሩ ትሄዳለች፤ ደንባቸው ነው። ግልገሏ ደንቡን የነገራት የለም፤ ስትጣራ ዋለች። አለፍኋት። ከሩቅም ይሰማኝ ነበር።

አሁን የምነግርሽን በደንብ አንብቢው። የአምናው ቁጥሬ ከጎረቤት ደሴቶቹ ቆጣሪዎች ጋር አልገጠመም ብሎ የቀጠረኝ የወፍ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ጽፎልኛል። በሜይ 28 ወይዘሮ ሎረንዘን የምትባል ሴት መጥታ አጠገቤ ቆማ ትቆጥራለች። ቁጥራችን ከተቀራረበ ጎጆውም መንገዱም እስክሞት የእኔ ነው። ካልተቀራረበ ቁልፉን አስረክባለሁ። በዋናው ምድር ላይ በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት አልጋ ይዘንልዎታል ይላል፤ ቃሉ ደግ ነው። ጎንትየ አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ ቤቱን አይታዋለች። መስኮቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው የሚከፈተው።

የሩቅ መነጽሬ ውስጥ ጉም ገብቷል፤ ብወለውለውም አይለቅም። ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። ቀይ ደረቶቹ ካንቺ ዘንድ የሚነሡት ሜይ ሲብት ነው፤ በአራት በአምስት ቀን እዚህ ይደርሳሉ፤ እስከ ወሩ መጨረሻም ይሰነብታሉ። ከመነሣታቸው በፊት ስንት እንደ ሆኑ ከነገርሽኝ ምን መጠበቅ እንዳለብኝ ዐውቃለሁ። መጠበቂያ ያለው ሰው በጉም ውስጥም ያያል። በየሳምንቱ ሂጂልኝ። አደራ።

ኦከ


ኑዋዲቡ
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1979

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በረዶው ይልቀቅዎ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ።

ወፎቹ ብዙ ናቸው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። በዚህ ሳምንት ስድስት ሺህ ገደማ። ሸርጣኖቹም አሉ።

የእጅ ጽሑፍዎ መስመሩን እየሳተ አንዱ በሌላው ላይ ወጥቷል። መጨረሻውን ገጽ ለማንበብ ወደ መስኮቱ መውሰድ ነበረብኝ። መነጽሩ ብቻ ነው ጉም የገባበት?

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አማቴ ክሬሰን እንዴት ናቸው? በመንደሩ ሲያልፉ ቢጠይቋቸው፤ ከልጃቸው ደብዳቤ ደርሷቸው እንደ ሆነ። ሪክሌፍ ረጅም ጉዞ ላይ ነው፤ የዚህ አገር ፖስታ ደግሞ ይዘበራረቃል። ለማወቅ ያህል ነው። እኔ ጠየቅኩ አይበሉ።

ካይከ


ሱደርሳንድ
ማርች 20 ቀን 1979

ለካይከ፣ ልቧ ለማይከፋ— እንዳይከፋ የምመኝላት፣

ከበረዶው ተርፌያለሁ። አንቺም ከምትፈሪው ሁሉ ትረፊ። ይህን በአናጢ እርሳስ ነው የምጽፈው፤ ወፍራም ስለሆነ ይሻላል።

ጠይቀሽኛልና ልመልስ። መነጽሩ አይደለም፤ ዐይኔ ነው። ቀጥ ብዬ የማየው ነገር መሐሉ ይጠፋል፤ ጥቁር ሳንቲም እንደ ለጠፉበት። ዳር ዳሩ ይቀራል። ወፍ ለማየት ወፏን ትቼ ሌላ ቦታ ማየት አለብኝ፤ ወደ እሷ ዞር ስል የለችም። ሐኪሙ የሚድን አይደለም ብሏል። ደብዳቤዎችሽን የምታነብልኝ ጎንትየ ናት። ከሐኪሙ ሌላ የምታውቁት እሷና አንቺ ብቻ ናችሁ።

ስለዚህ የአንቺ ቁጥር መጠበቂያ ብቻ አይደለም። ዐይኔ ነው። ስድስት ሺሁን ስሰማ ተነሥቼ ጎጆው ውስጥ ተዟዟርሁ። ጎንትየ፣ «ቁጭ በል አንተ፤ እንቁላል ልትጥል ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

የእኛ ደንብ እንዲህ ነው፦ ሁለት ቆጣሪ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆም ቁጥር አይነገርም፤ ይጻፋል። ቀድሞ የተናገረ ሌላውን ያሳስታል። ሁለቱም በየወረቀታቸው ጽፈው ሲጨርሱ ይለዋወጣሉ። እኔ አሸዋው ላይ ቆሜ፣ በሰው ፊት፣ መጻፍ አልችልም፤ አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ስደፋ ወይዘሮ ሎረንዘን ታየኛለች። ከመውጣቴ በፊት ቤቴ ውስጥ ጽፌ በኪሴ እይዘዋለሁ። ካንቺ ከተነሡት ላይ መንገድ የሚያስቀረውን ጥቂት ቀንሼ።

አማትሽ ዘንድ ሄድሁ። በር ላይ ተቀምጣ ሽሪምፕ ትልጥ ነበር።

«ሪክሌፍ እንዴት ነው?» አልኋት።

«ደህና ነው እንጂ! ከላስ ፓልማስ ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ። ፀሐዩ ጥሩ ነው አለ። ሰገነቱ ላይ ሁለት ሆነው አበባ ተክለዋል።»

«ተክለዋል?»

«ተክለዋል» አለችኝና የተላጠውን ሳህን ወደ እኔ ገፋችው። «ብላ።»

በላሁ። ሌላ አልጠየቅሁም። ጠይቅ ያልሽኝን ብቻ ጻፍሁልሽ።

ሲነሡ ጻፊልኝ። የተነሡበትን ቀንና ቁጥሩን።

ኦከ


ኑዋዲቡ
ሜይ 4 ቀን 1979

ለተከበሩ አጎቴ ለኦከ፣

በፀደይ ንፋስ ደህና ይሁኑ። ጎንትየም ይህን ስታነብልዎ ድምፅዋ ይቅናላት።

ትናንት አመሻሽ ላይ ተነሡ። ቀያቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ ጫጫታ ሆነ፤ ከዚያ ጥቂቶቹ ተነሥተው ዞሩና ተመለሱ፤ እንደገና ተነሡ። በሦስተኛው አልተመለሱም። ረጅም መስመር ሠርተው ወደ ሰሜን ሄዱ። መቶ ሃያ አውራ ጣት ለካሁ። አሥራ ሁለት ሺህ። እርግጠኛ ነኝ።

ስለ አማቴ ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ሪክሌፍ አበባ ይወዳል።

ካይከ


ኑዋዲቡ
ሜይ 12 ቀን 1979

አጎቴ፣

ያለ ሰላምታ ነው የምጀምረው። ይህ ደብዳቤ ካለፈው ቀድሞ ቢደርስ ያለኝን ሁሉ በሰጠሁ ነበር። አይደርስም። ቴሌግራም ልልክ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ብዬ? ቴሌግራሙን እዚያ የሚቀበለው ማን ነው? በመንደሩ ፊት ጮክ ብሎ የሚያነበው ማን ነው? መሥሪያ ቤቱ ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ይህንንም ሰበብ እያደረግኩት ይሆናል።

ከጃንዋሪ አጋማሽ ወዲህ ባሕር ዳር አልሄድኩም። አንድም ቀን። ስድስት ሺሁን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩት። አሥራ ሁለት ሺሁንም። አነሣሣቸውን ከእርስዎ ነው የወሰድኩት፤ ልጅ ሳለሁ እንዴት ከሱደርሳንድ እንደሚነሡ ነግረውኝ ነበር፤ ቦታውን ብቻ ቀየርኩት። ተነሥተው ይሆናል። ስንት እንደ ሆኑ፣ ይኑሩ አይኑሩ፣ አላውቅም።

ሪክሌፍ ጉዞ ላይ አይደለም። በጃንዋሪ 14 ጠዋት ቦርሳውን ይዞ «ሐሙስ እመለሳለሁ» አለኝ። የትኛውን ሐሙስ እንደሆነ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ከቤት የምወጣው ዳቦ ለመግዛት ነው፤ እየሮጥኩ ሄጄ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ባሕር ዳር ሄዶ፣ ቆጥሮ መመለሻ ሁለት ሰዓት ነው። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ መጥቶ በሩን ዝግ ቢያገኘውስ? ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነው የሄደው። የሰገነቱን አበባ ከጻፉልኝ በኋላም መውጣት አልቻልኩም። እንደማይመጣ ዐውቄም በሩን እጠብቃለሁ። ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እርስዎ በየደብዳቤው ቁጥር ሲለምኑኝ፣ ቢያንስ አንድ ሰው የጠበቀው ይድረሰው አልኩ። ዐይንዎ መሆኑን ሲጽፉልኝ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ አበባው ነበረ። ከአበባው ወዲያ ያለውን ሳላነብ ሰነበትኩ።

የጻፍኩልዎን ቁጥር በወረቀት ላይ አያስፍሩት። ባዶ ጆሮዎ ከእኔ ቃል ይሻላል። እባክዎን አያምኑኝ።

ካይከ


ሱደርሳንድ
ሐሙስ፣ ሜይ 31 ቀን 1979

ለካይከ፦ መሬትሽ ይድረቅ፣ ደጅሽ ይከፈት። ይህን እሱ እየተናገረ ጎንትየ ነች የምትጽፈው። «እንደምናገረው ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ» ብሎኛል። እሞክራለሁ።

ልጄ፣ የሜይ አራቱ ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። አሥራ ሁለት ሺህ። ከዚያ ላይ አምስት መቶ ለጭልፊትና ለመንገድ ቀነስሁ። እሁድ ከሰዓት መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ በአናጢው እርሳስ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብዬ ጻፍሁና ወረቀቱን በግራ ኪሴ ከተትሁት። የዚያን ጊዜ ነፋሱ ከምዕራብ ነበር። ደስ የሚል ነፋስ።

ወይዘሮ ሎረንዘን ሰኞ ጠዋት መጣች። አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ጫማዋ የሠራተኛ ጫማ ነው፤ ከአረማመዷ ሰማሁት። መጥፎ ሰው አይደለችም።

«አቶ ኦከ፣ ቀስ ብለን እንሂድ?» አለችኝ።

«ስለኔ ብለሽ ከሆነ፣ እኔ ደርሼ ሻይ አፍልቼ እጠብቅሻለሁ» አልኋት።

ሳቀች። መንገዱን ሁሉ እየነገርኋት ሄድሁ፤ እዚህ የዛጎል ክምር አለ፣ እዚህ ጋ አሸዋው ይዋጣል፣ እዚያ መንቁረ ቀዮቹ ወፎች እንቁላል ጥለዋል፣ በግራ በኩል ራቂ። በእግሬ ነው የማውቀው። አንድም ነገር አልሳትሁም። እያመነችኝ እንደ ሆነ ከድምፅዋ ገባኝ። መንገዱ ቢረዝም ብዬ ተመኘሁ።

ግማሽ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ቀኝ ጉንጬ ላይ መሆኑ ተሰማኝ። ምላሱ ወደ ሰሜን ነው የተዘረጋው። ቀኝ ጉንጭ ምሥራቅ ነው። (ሌሊቱን ዞሯል፤ እኔም አይቻለሁ፤ ሄጄ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ጎ.)

ምሥራቅ ነፋስ ውኃውን ከዳር ይገፋዋል። ባሕሩ ሙላት በሚባልበት ሰዓትም አይሞላም፤ ጭቃው እንደ ተከፈተ ይውላል፤ ወፎቹም ከሩቅ እዚያው ሲለቅሙ ይውላሉ እንጂ ምላሱ ላይ አይወጡም። ይህን በዚህ ደሴት ላይ ከጡት ጋር ነው የምንጠባው።

ጫፉ ላይ ቆምን። አዳመጥሁ። ምንም። ግን ካይከ፣ ጠግበው የቆሙ ወፎችም ዝም ይላሉ። አሥር ሺህ ሆነው አንገታቸውን ክንፋቸው ውስጥ ከትተው ትንፍሽ የማይሉበትን ጊዜ አይቻለሁ። ጭንቅላቴን ወደ ጎን አዞርሁ። በዐይኔ ዳር አሸዋው ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነበር፤ ወፍም ይሆናል፣ ፀሐይም። ወደ እሱ ስዞር ጠፋ። በቀኝ ኪሴ ባዶ ወረቀት ነበረኝ። ክብ መሣል ማንም ዕውር ይችላል። ምንም የለም ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ጉንጬ የለም ይለኛል፤ ጆሮዬ የለም ይለኛል። አንቺ ግን አሥራ ሁለት ሺህ ብለሻል። እርግጠኛ ነኝ ብለሻል። በሁለት ደህና ዐይን አይታ የጻፈችልኝ ልጅ እያለች ሽማግሌ ጉንጭ ምን ያውቃል አልሁ።

የግራውን ሰጠኋት።

ተቀበለችኝ። ወረቀቱ በነፋሱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

«ያንቺስ ወረቀት?» አልኋት።

«ብርድ ነው፤ ቤት እንግባ» አለችኝ። ክንዴን ያዘች። ስንሄድ ክንዴን አልያዘችም ነበር። ቤት ደርሰን ሻዩን እሷ አፈላች፤ ኩባያዎቹንም እሷ አጠበች፤ ወረቀቷን ከስኳሩ ሥር ትታልኝ ሄደች። ያነበበችልኝ ጎንትየ ናት። አንድ ክብ ብቻ ነው አለችኝ።

ዛሬ በቀትሩ ጀልባ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይመጣሉ። ቁልፉንና የሩቅ መነጽሩን ይወስዳሉ፤ እኔንም። ዕቃዬ አንድ ሳጥን ሆነ። ከጭቃው በኩልም ድምፃቸውን አልሰማሁምና እንዴት አልደረሱም ብዬ እያሰብሁ ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ተነሥተው። መንገድ ላይ ምን አገኛቸው? አንቺ አትዘኚ፤ ያንቺ ቁጥር ትክክል ነው፤ እነሱ ናቸው ያልደረሱት። ሌላ ቦታ አርፈው ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች እጠይቅልሻለሁ።

(ካይከ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ነኝ። እዚህ ሲደርስ ከቦርሳዬ የዛሬውን ፖስታ አወጣሁ፤ ያንቺ ነበረበት፣ የሜይ አሥራ ሁለቱ። ቀድሜ ባየው ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። «ከማን ነው?» አለኝ። ውሸት አልቻልሁም። «አንብቢ» አለኝ። እስከ መጨረሻው አነበብሁለት።

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ከዚያ «ጃንዋሪ ስንት ነው ያለችው?» አለኝ።

«አሥራ አራት።»

«ስለ ባሏ ያለውን ደግመሽ አንብቢልኝ።»

ደገምሁለት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ እስከሚለው።

«የወፎቹንስ?» አልሁት።

«እሱን ሰምቻለሁ።»

ከወደቡ በኩል የጀልባው ጡሩምባ ተሰማ። ተነሥቶ ኮፍያውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፤ በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያገኘው። «ጻፊላት» አለኝ። እርሳሱን አነሣሁና ጠበቅሁት። ቆሟል። ሰዎቹ በሚመጡበት በር በኩል አይደለም፣ በባሕሩ በኩል ባለው ነው የቆመው።

«አንተ ኦከ፣ ምን ብዬ ልጻፍላት?» አልሁት።

ወደ ባሕሩ ወጣ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ።)